ሞላው አይቆረጥም

እኛ አገር መኪና የገዛ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ማስነሳት ነው። ትንሿ ቪትዝ ገና ታርጋዋ ሳይለጠፍ ጋራዥ ትገባና ከሞላዋ ሥር ላስቲክ ይደረግላታል። ጉድጓዱና ኮብልስቶኑ እያሉ ማን ይፈርዳል? መሬት የነካች መኪና የድህነት ምልክት፣ ከፍ ያለች ደግሞ የክብር መሆኗም አልቀረም።

ባለፈው ክረምት ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከምትኖረው እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ልጇ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። “ጋሼ፣ ይቺን ዝቅ ላደርጋት ነው” አለኝ። “ይቺ” ያላት ባለ አራት ጎማ ሞተር ናት፤ የ1999 ሞዴል ሆና (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ብቅ ያለችው የሆንዳ 400 ኢኤክስ። የእርሻ ዕቃ የምትጎትተው ዓይነት አይደለችም፤ ለሩጫና ለዝላይ የተሠራች ናት። ጎማዎቿ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ። ልጁ ግን የሚሮጠው ለጥ ባለ ክብ የአፈር ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ዝላይ የለም፤ ያለው መታጠፍ ብቻ ነው። ስትታጠፍ በውስጥ በኩል ያሉት ጎማዎች መሬት ይለቃሉ። ወፍራም መዝገበ ቃላት አቁማችሁ በጣት ግፉት፤ ቀጥሎ አጋድማችሁ ግፉት። ነገሩ ይኸው ነው።

እህቴ በበኩሏ “ሽጣት በለው፤ አንተን ይሰማል” ትለኛለች፣ ማታ ማታ፣ ሻይ እየቀዳች። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የእነዚህ ሞተሮች ባለ ሦስት ጎማ ወንድሞች እየተገለበጡ ብዙ ሰው ስለጎዱ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው መሸጣቸውን አቁመዋል። አራት ጎማም ቢሆን ይገለበጣል። ሽጣት ማለቱን አልወደድኩትም፤ የራሱ ላብ ናት። እንዴት ዝቅ እንደሚያደርጋት ግን ማወቅ ፈለግሁ። የነበረው ገንዘብ 200 ዶላር ነው፤ አዲስ አሞርዛተር በዚህ አይታሰብም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጓደኛው ግራይንደር ይዞ መጣ። “ከሞላው ሁለት ሁለት ዙር ቆርጠን እንጣል፤ በነፃ ነው” አለ። የድሃ ብልሃት የት አገር ይጠፋል! (ሞላ የምንለው ቃል ከጣሊያን የተረፈን ነው፤ ጋራዦቻችን በሞላና በባሌስትራ እንደተሞሉ አሉ። “ሞላ ጎደለ” ስንል ግን የራሳችን ነው፤ እዚህ ቦታ ሁለቱ ተገናኙ።)

የእህቴ ልጅ ወረቀት አወጣ። ሞላ ሲያጥር የሚለሰልስ ይመስላል፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሸክሙን የሚካፈሉት ዙሮች ሲያንሱ ሞላው ይጠነክራል፤ ከአሥር ዙር ሁለቱ ቢቆረጡ ጥንካሬው በ25 በመቶ ይጨምራል። ወንበሯ ዝቅ ትላለች፣ ጎማው ግን እብጠት ሲያገኝ መዋጡን ትቶ ይነጥራል፤ የነጠረ ጎማ ደግሞ መሬት አይዝም። ይባስ ብሎ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል፣ ያጠረው ሞላ ተላልቶ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። የተቆረጠ ብረት ደግሞ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። ጓደኛው ግራይንደሩን ወደ ከረጢቱ መለሰ፤ ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም።

ትክክለኛው መንገድ አሞርዛተሩን ፈትቶ፣ ከውስጡ ዘንግ ላይ አጭር ቱቦ አስገብቶ፣ እስከ መጨረሻው እንዳይዘረጋ ማድረግ ነው። ቱቦው ርካሽ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ አሞርዛተሮች ውስጥ የታመቀ ናይትሮጅን አለ፤ ቤት ውስጥ በመፍቻ የሚነካካ አይደለም፤ ባለሙያውም በነፃ አይሠራም።

የተረፈው ጎማ ነው። የፊቶቹ 22፣ የኋላዎቹ 20 ኢንች ቁመት አላቸው። እሽቅድምድም ከተወ ሰው ዘንድ 20 እና 18 ኢንች ያላቸውን አሮጌዎች ከነቸርኬያቸው በ150 ዶላር አገኘ። እዚህ ላይ ሒሳቡ ያታልላል፤ ባለ 2 ኢንች ልዩነት ጎማ ሞተሯን የሚያወርዳት 1 ኢንች ብቻ ነው፤ ከዘንጉ በላይ ያለው ግማሽ ለቁመቷ አይቆጠርምና። የኋላው ጎማ በማነሱም በአንድ ዓይነት የሞተር ዙር ፍጥነቷ 10 በመቶ ይቀንሳል። እህቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። የሰንሰለቱ ጥርስ ግን ከኋላ ወደ መሬት ቀርቧል፤ ድንጋይ ያለበት መንገድ ከእንግዲህ አይሞከርም።

ቀጥሎ በሞላው ጫፍ ያለውን፣ ጥብቀቱን የሚወስነውን ቀለበት አላላው። ይሄኛው በእርግጥ በነፃ ነው፤ ሞላው ራሱ አይለወጥም፤ ሰው ሲቀመጥባት ብቻ ጥቂት ትዘቅጣለች። ሜትር ይዤ እኔ ነኝ የለካሁት፤ እሱ ተቀምጦባት፣ በጠቅላላው 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወረደች። ከዚያ በላይ ላላላው ቢል ሆዷ መሬት ሊመታ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ለ150 ዶላርና ለአንድ ቅዳሜ። እኛ ሰፈር ለማስነሳትም ከዚህ የሚበልጥ አይጠየቅም።

እህቴ መጥታ ወንበሯን በሁለት እጇ ጫን ጫን አደረገችው።

“ከሁለት መቶው ስንት ተረፈህ?” አለችው።

“ሃምሳ።”

“በሱ የአንገት መከላከያ ትገዛለህ። ዛሬውኑ።”

“እሺ እማዬ” አለና ቁልፉን አነሳ።