ሴት አኩሪ በሚኒያፖሊስ

በአገራችን ከተሞች በየግቢው ቀይና ቢጫ አበባ የሚሰጠውን ሴት አኩሪ የማያውቅ ጥቂት ነው። ጥቁርና ጠንካራ ፍሬው በተለያዩ አገሮች ለመቁጠሪያ ይውላል። በእኛ ዘንድ አንዴ ከተተከለ ከዓመት ዓመት በቦታው ይኖራል።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ያየነው ግን ሌላ ነው። እዚያ በቅዝቃዜው ወራት መሬቱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እንደ ዝንጅብል ያበጠው የተክሉ ሥር አፈር ውስጥ ከተተወ በስብሶ ይቀራል። ስለዚህ በኦክቶበር ውርጩ ቅጠሉን ሲያጠቁረው አገዳውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይቆርጡታል። ሥሩን ሳያቆስሉ አውጥተው፣ አፈሩን አራግፈው፣ ለጥቂት ቀናት ጥላ ውስጥ ያናፍሱታል። ከዚያም በካርቶን አድርገው በሰጋቱራ ይሸፍኑና ወደ ምድር ቤት ያወርዱታል። ቦታው ጨለማ፣ ሙቀቱም ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት።

ትልቁ ፈተና ከዚህ በኋላ ነው። እርጥበት ከበዛበት ይበሰብሳል፤ ከልክ በላይ ከደረቀም ይጨማደዳል። በየወሩ ካርቶኑ ይከፈታል፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ይጣላል፤ ለተጨማደደው ጥቂት ውኃ ይረጭለታል።

በማርች መጨረሻ ሥሩ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ይኑረው። በሞቀ ክፍል፣ መስኮት አጠገብ በሸክላ ይተከላል። ወደ ጓሮ የሚወጣው በሜይ ማብቂያ ነው። የቸኮለ እንደሆነ የአንድ ሌሊት ውርጭ ቡቃያውን ይለበልብበታል።

በብርድ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን! ሥሩ የደረቀ እንጨት መስሎ ቢታያችሁ ለመጣል አትቸኩሉ። በጣታችሁ ጫን ብላችሁ ፈትሹት፤ ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው።