«አንድ ጊዜ እንድገመው»

ሐዋሳ መናኸሪያ ውስጥ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፊልም ለመቅረጽ የሞከረ ሰው ሁለት ነገር ቶሎ ይገባዋል። አንደኛ፣ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም፤ «ሻሸመኔ! የሞላ ሻሸመኔ! ዲላ፣ ሁለት ሰው የቀረው!» እየተባለ ነው የሚነጋው። ሁለተኛ፣ ተራ አስከባሪዎቹ ካልፈቀዱ ካሜራ ከቦርሳ አይወጣም።

የአጭር ፊልሜ ታሪክ ቀላል ነበር። አንድ ወታደር ከጦርነት ተመልሶ ከቅጥቅጥ ይወርዳል፤ የሚቀበለው ሰው የለም። ድንገት የመኪና ጎማ ሲፈነዳ መሬት ላይ ይወድቃል። በቃ። ለዚህ ተዋናይ አልፈለግኩም። ከተራ አስከባሪዎቹ አንዱ፣ ሁሉም «ሃምሳ አለቃ» የሚሏቸው፣ የባድመ ዘማች ናቸው። ሲራመዱ ቀኝ እግራቸው ትንሽ ይጎተታል። «ትወና ምን ያደርግላቸዋል፣ ራሳቸውን ቢሆኑ ይበቃል» ብዬ ለጓደኞቼ ተኩራራሁ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከኦዲ መርፊ ነው። የቴክሳስ ድሃ ገበሬ ልጅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ወታደሮች እንደሱ የተሸለመ የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1945 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሆልትዝቪር በምትባል መንደር አጠገብ፣ እየተቃጠለ ባለ የታንክ ማውደሚያ ተሽከርካሪ ላይ ወጥቶ ጀርመኖችን በመትረየስ ብቻውን አገደ። ከጦርነቱ በኋላ ፎቶውን ላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ያየው ተዋናዩ ጄምስ ካግኒ ሆሊውድ ጠራው። ከ40 በላይ ፊልሞች ሠራ፤ አብዛኞቹ የካውቦይ ናቸው። ትልቁ ግን በ1955 የወጣው «ቱ ሄል ኤንድ ባክ» ነው። ከራሱ መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን ኦዲ መርፊን የተጫወተውም ራሱ ኦዲ መርፊ ነው። ለዩኒቨርሳል ስቱዲዮም ብዙ ገንዘብ ያስገባ ፊልም ነበር።

እኔም የራሴን ኦዲ መርፊ መናኸሪያ ውስጥ አግኝቻለሁ ብዬ ነበር።

ጓደኛዬ ምልክት እንዲሆን ባዶ ጀሪካን በዱላ መታ። ሃምሳ አለቃ ወደቁ። ሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸውን ሸፍኖ፣ አፋቸው ስር ያለው አቧራ በትንፋሻቸው ሲነሳ አየሁ። ግሩም ነበር። ግን ከኋላቸው አንድ ባጃጅ አለፈ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ጊዜ እንድገመው» አልኩ።

ቀስ ብለው ተነሱ። ሱሪያቸውን አራገፉ።

«አንዴ ተርፌ ወጥቻለሁ፣ ልጄ። ደግሜ ምን ልሠራ እገባለሁ?»

ወደ ዲላ ተራ ሄዱ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ተናደድኩ። የካሜራው ኪራይ እየቆጠረ ነበር እኮ።

ማታ ያንኑ የመርፊን ፊልም ከፈትኩት። በዚያ ጃንዋሪ መሬቱ በረዶ ለብሶ ነበር፤ ፊልሙ ላይ ግን ሜዳው ሣር ነው። የቅርብ ጓደኛው ላቲ ቲፕተን በ1944 ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ተገድሏል፤ እጅ የሰጡ መስለው ባዘናጉ ጀርመኖች ተተኩሶበት ነው። ፊልሙ ውስጥ ስሙ ተቀይሯል፣ የሚሞተውም ሌላ ተዋናይ ነው። አጠገቡ ያለው ግን ያው መርፊ ነው። ያንን ሞት ስንት ጊዜ አስደገሙት ይሆን? ቀድሞ ፊልሙን ሳይ ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር።

መጀመሪያ ራሱን መጫወት አልፈለገም ነበር፤ ለሌላ ተዋናይ ይሰጥ ብሎ ነበር። ለዓመታት እንቅልፍ አጥቶ፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ትራሱ ስር አድርጎ ይተኛ ነበር። የእንቅልፍ ክኒን ሱስ ሲሆንበት ሆቴል ክፍል ውስጥ ራሱን ቆልፎ ተወው። በኋላ ከኮሪያና ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች የአእምሮ ጉዳት እንዲታከም በአደባባይ ተናገረ፤ ያን ጊዜ ይህን ጮክ ብሎ የሚያወራ ብዙ አልነበረም። በ1971 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

እኔ የያዝኩት ገቢውን ነበር። ራስን መጫወት ክብር ነው ብዬ ደምድሜ፣ ምናልባት ለሱ ዕረፍቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ ሌላ ሰው መሆኑ እንደሆነ አላሰብኩም።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ቡና ጋበዙኝ፤ እኔ መጋበዝ ሲገባኝ። ስለ ባድመ አንድም ቃል አላወሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሲኒያቸውን ሲያስቀምጡ «ሌላ ሰው ካደረግከኝ እመጣለሁ» አሉ።

«ማንን መሆን ይፈልጋሉ?»

ትንሽ አሰቡ። «ልጁን የሚቀበለውን።»

ታሪኬ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ጻፍኩት። ወታደሩን አንድ ወጣት ተዋናይ ወሰደው፤ ጀሪካኑንና መውደቁን አወጣኋቸው። ሃምሳ አለቃ ንጹህ ጃኬት ለብሰው መጡ። ልጁ ከቅጥቅጡ ሲወርድ ሻንጣውን ተቀበሉት፣ ትከሻውን ያዙት፣ አገላብጠው ሳሙት።

ከኋላቸው ባጃጅ አለፈ። ምንም ሳልል ዝም አልኩ።

«እንድገመዋ!» አሉ እሳቸው፣ ሻንጣውን ለልጁ እየመለሱለት።