ከዳባት እስከ ዛሪማ በቢሲክሌት

በጥር ወር 2006 ዓ.ም.፥ የጥምቀት በዓል ባለፈ በሳምንቱ፥ ልጃችን ከእኛ ጋራ በቢሲክሌት ወደ ተከዜ ግድብ ለመሄድ ለመነን። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ነበረ። ይህ ግድብ በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. የተመረቀ፥ ከፍታው 188 ሜትር የሆነ፥ ወንዙን በገደል መካከል አግዶ እንደ ባሕር ያስተኛ ታላቅ ሥራ ስለ ሆነ፥ ወጣት ሰው ሊያየው ቢመኝ አያስደንቅም። ነገር ግን ከሰሜን ተራሮች ማዶ በበረሓ ውስጥ ነውና፥ መንገዱም ብዙ ይዞራልና፥ እናቱ እንቢ አለች። በመጨረሻ የሊማሊሞን ገደል ወርደን ከዛሪማ ወንዝ ላይ እንድናበቃ ተስማማን። የዛሪማም ውሃ መድረሻው ተከዜ ነው፤ የሚገናኘው ግን ከግድቡ በታች መሆኑን ልጃችን በካርታ አይቶ ጥቂት ከፋው።

ከዳባት የተነሣነው በማለዳ ነው። በወገራ የጥር ሌሊት እጅግ ይበርዳል፤ በታጨደው የገብስ ማሳ ላይ ውርጩ ጨው የተበተነ ይመስል ነበር። እስከ ወቅን ድረስ ጣታችን ደንዝዞ ፍሬን መጨበጥ አቃተን። ፀሐይ ሞቅ ስትል በየአውድማው በሬዎች እየዞሩ ገብስ ይወቃ ጀመር፤ ሰዎቹም ሥራቸውን ትተው ይመለከቱን ነበር። አንድ ሽማግሌ ቀርበው፥ «ጌታዬ፥ በቅሎ ታጥቶ ነውን?» ብለው ጠየቁን። እኛ መልስ አልነበረንም። ልጃችን ግን አገራችን በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ ወደ ሜልቦርን በሄደች ጊዜ ከተላኩት መካከል ቢሲክሌት ነጂዎች እንደ ነበሩ በትሕትና አስረዳቸው። ሽማግሌውም፥ «እነርሱስ ተልከው ነው፤ እናንተን ማን ላካችሁ?» አሉት።

ደባርቅ ደርሰን ሻይ ጠጣን። ይህ ከተማ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ሲሆን፥ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ነው። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ከሚያሠጋቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። እንግዶች ዋልያ ለማየት ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ፥ እኛ በሰሜን በኩል ባለው መንገድ ቀጠልን።

ከከተማው እልፍ እንዳልን ምድር አለቀች። ደጋው በመጥረቢያ እንደ ተቈረጠ ሆኖ በድንገት ይቆማል፤ ከበታቹም አምባ ከአምባ ጀርባ እየተደረደረ፥ የኋለኛው ከፊተኛው እየደበዘዘ፥ እስከ ቆላው ጭጋግ ድረስ ይታያል። መንገዱ ከእግራችን ሥር እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዞ ይወርዳል። እኛ ከዚህ በፊት በመኪና ባለፍን ቍጥር ዓይናችንን ጨፍነን ዳዊት እንደግም ስለ ነበረ፥ ገደሉን በእውነት ያየነው በዚያ ቀን ነው።

መንገዱን የሠሩት ኢጣሊያኖች ናቸው፤ አገራችንን በያዙበት በዚያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ነው። በላዩ ባለው በወልቀፊት በር የመሸገው ጦራቸው በአርበኞችና በእንግሊዞች ተከቦ ከቆየ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በየመታጠፊያው ገደሉን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ካብ ያማረ ነው፤ ያማረ ነው ብሎ መናገር ግን ከበደን። ልጃችን ካቡን በእጁ እየዳሰሰ፥ «አባባ፥ ጠላት የሠራውን ማድነቅ ነውር ነውን?» አለን። «እንሰብበት» አልነው። እስከ ዛሬ እያሰብንበት ነው።

አሁን ስለ ፍሬን እንናገር፤ ይህን የሚያነብ አባት ይጠቀምበታልና። ልጃችን ቁልቁለቱን ሲወርድ ቢሲክሌቱን ይለቀዋል፥ መታጠፊያው ሲቃረብ ጠንክሮ ይይዛል፥ ደግሞም ይለቀዋል። እኛ ግን ዘመናችንን ብዕር ስንጨብጥ የኖርን ነንና፥ ፍሬኑንም እንደ ብዕር ሳናቋርጥ ጨብጠን ወረድን። «አባባ፥ ቸርኬው ይግላል፤ ለቀቅ አድርገው ይያዙት» ቢለን፥ የልጅነት ድፍረት መስሎን ገሠጽነው። ነገሩ ግን እርሱ እንዳለው ነበር። ፍሬኑ ቸርኬውን ዘወትር ሲፈትገው ብረቱ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ጎማው አልፎ በውስጡ የታመቀውን አየር ያስፋፋዋል።

እንግዲህ በአንዱ መታጠፊያ ላይ የፊተኛው ጎማ እንደ ጥይት ጮኸ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የወደቅነው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጎን ነው። ጉልበታችንና መዳፋችን ተላጠ። ከካቡ በላይ የተቀመጡ ጭላዳዎች ሣር መንጨታቸውን ትተው አዩን። ልጃችን ሁለት መታጠፊያ ያህል ወርዶ ነበርና ቢሲክሌቱን ጥሎ ዳገቱን እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። አንድም ቃል ሳይናገር እጃችንን፥ ክንዳችንን፥ ራሳችንን ዳሰሰ። ከተወለደ ጀምሮ ስለ እኛ ሲፈራ ያየነው ያን ጊዜ ነው። ቸርኬውን ብንነካው ጣታችንን ለበለበን። እስኪበርድ ጠበቅንና ትርፍ የውስጥ ጎማ አገባበት፤ እኛ መንፊያውን ያዝንለት።

ከዚያ ወዲያ እርሱ ከፊት ሆኖ «ይያዙ»፥ «ይልቀቁ» እያለ መራን፤ በየአራት መታጠፊያውም አስቆመን። የደጋው ብርድ ቀርቶ ካፖርታችንን አወለቅን፤ ቁልቋልና ግራር መጣ፤ ነፋሱም እንደ ምድጃ አፍ ሞቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዛሪማ ደረስን። ወንዙ በጥር ቀጥኖ በድንጋዮች መካከል ጠርቶ ይወርዳል። ቁስላችንን አጠብን። ልጃችን እግሩን በውሃው ውስጥ አድርጎ ወደ ታች፥ ወደ ተከዜ በኩል፥ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየ። ማታ ለእናቱ በስልክ ደኅና መግባታችንን ነገርናት፤ ስለ ጉልበታችን ግን ዝም አልን። ቤት ስንገባ አይታ የተናገረችን ነገር ለጋዜጣ አይሆንም።

በማግሥቱ ዳገቱን የሚያወጣን የጭነት መኪና አገኘን። ሾፌሩ ቢሲክሌቶቹን አይቶ እንደ ሰው ይከፈልባቸዋል አለ። ተከራከርነው፤ አልሆነም። የአራት ሰው ከፍለን ወጣን።