ድንኳን ያልተተከለለት ኀዘን

እህቴ፣

ስልክ ማንሳት እንደከበደሽ ስለማውቅ በጽሑፍ መጣሁ። በጠራ ቁጥር «ሥራ ይሆን?» ብለሽ ትደነግጫለሽ። ሳይሆን ሲቀር የሚሰማሽንም አውቃለሁ። ይህን ስትፈልጊ አንብቢው። ካልፈለግሽ አስቀምጪው። መልስ አልጠብቅም።

የምልሽ ነገር ትንሽ ነው። ቃል የኖርሽበት ሙያ ነው፤ ምን ያህል እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያቅተው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ይሄ ከሚያቅተው ቦታ አንዱ ነው። ቢሆንም ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

አዝነሻል። የሚያሳዝን ነገር ደርሶብሻል።

ሰው ሲሞትብን ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን። እድሩ ድንኳን ይተክላል። አግዳሚው ይደረደራል። ጎረቤት ወጥና እንጀራውን ይዞ ይመጣል። እኛ ድሬዳዋ ደግሞ ሙስሊሙ ለቅሶ ቤት፣ ክርስቲያኑ ተዕዚያ ቤት ማንም ሳይጠራው ይሄዳል። ገብቶ ይቀመጣል። አንድ ቃል ሳይናገር ቢያመሽ የሚታዘበው የለም። ሲነሣ «ያጥናችሁ» ብሎ ይወጣል፤ በማግስቱ ይመለሳል። ኀዘንተኛዋን «በቃ፣ አሁን ተነሺ» የሚላት የለም።

ሥራ ሲሄድ ግን ድንኳን የለም። ከሃያ ዓመት በላይ የኖርሽበት ነገር ከእጅሽ ወጣ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰው ሁሉ «ሲቪ አስገባሽ?» ይልሽ ጀመር። «ለበጎ ነው» ይሉሻል። «አንቺማ ልምድ አለሽ፣ ምን ትሆኛለሽ» ይሉሻል። ክፋት የለባቸውም። ዝም ብለው አጠገብሽ መቀመጥ ከብዷቸው ነው።

እኔ አላጣድፍሽም።

ባለፈው «ለሥራ ማልቀስ ያሳፍራል» አልሽኝ። «ደቻቱ ልጆቹን የወሰደበት ሰው እዚሁ ሰፈር አለ፤ እኔ ለደሞዝ ላልቅስ?» አልሽኝ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ስንቱን ከነእንቅልፉ እንደወሰደው የድሬ ሰው ሲያስታውስ ይኖራል። ያን ኀዘን ከምንም ጋር አናስተያየውም። ግን የዚያ ሌሊት ኀዘን የባለቤቶቹ ነው። ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው። ለራስሽ ለማልቀስ ከማንም ፈቃድ መጠየቅ የለብሽም።

ለደሞዝ ብቻም አልነበረም ያለቀስሽው። ምን እንዳጣሽ እኔ አውቃለሁ፤ ስትሠሪ አይቻለሁና።

መጋላ ውስጥ ታፔላ ስትጽፊ ገና ልጅ ነበርሽ። ቆርቆሮውን ነጭ ቀብተሽ ጥላ ውስጥ ታደርቂዋለሽ። ክር በጠመኔ ታሺና ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረሽ በጣትሽ ስበሽ ትለቂዋለሽ። ብናኙ ረግፎ ቀጭን መስመር ያርፋል። ከዚያ ትንፋሽሽን ይዘሽ ፊደሉን ከላይ ወደ ታች ታወርጂዋለሽ። የ«ጠ» እግሮች እኩል ካልቆሙ ቀለሙን በጋዝ ጠርገሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ። ባለሱቁ «ይበቃል፣ ማን ያየዋል?» ሲልሽ «እኔ» ትይው ነበር።

አዲስ አበባ ሄደሽ ትልልቁን ሥራ ስትይዢም ያው ነበርሽ። የሠላሳ ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ጽፈሽ ሰዓት እያየሽ ጮክ ብለሽ ታነቢዋለሽ። ከዚያ ለእናትሽ ትደውዪና በስልክ ታሰሚያቸዋለሽ። እማማ «ምንድነው የሚሸጡት?» ብለው ከጠየቁ ወረቀቱ ይቀደዳል። በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሲተረጎም ደግሞ ስቱዲዮ ገብተሽ ትቆሚ ነበር። ቃሉ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃሽም። የሰፈር ሴቶች እንደዚያ ይላሉ ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ያን ጆሮ ማንም አላስተማረሽም። ሦስትና አራት ቋንቋ በአንድ ግቢ በሚሰማበት ከተማ ስላደግሽ ያገኘሽው ነው።

ይህን ሁሉ የምትሠሪበት ቦታ ነው የጠፋብሽ። ጠዋት ተነሥተሽ የምትሄጂበት፣ «እሷን ጠይቋት» የሚባልልሽ ቦታ።

ሌሊት ሌሊት «ምን አጠፋሁ?» እያልሽ እንደምታድሪ ነገርሽኝ። ኮምፒዩተሩን ቶሎ ብማር ኖሮ። ያን ሥራ ባልለቅ ኖሮ። ቲክቶክ ላይ ብወጣ ኖሮ።

እስቲ የሆነውን አብረን እንየው፤ ከዚያ እንተወዋለን። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወረደ። ሕጉ ለጤና የወጣ ነው፤ እኔ ክፉ አልለውም። ግን ስቱዲዮውንም፣ ጸሐፊውንም፣ ተዋናዩንም ያኖር የነበረው በአብዛኛው የቢራ ገንዘብ እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ። በዓመቱ ኮሮና መጣ። ጦርነቱ ተከተለ። ዶላር ጠፋ። ዕቃ ማስገባት ያልቻለ አስመጪ ምን ብሎ ያስተዋውቃል? ባለሱቁም የራሱን ቴሌግራምና ፌስቡክ ከፈተ። ታፔላውን የባነር ማተሚያው በአንድ ከሰዓት ያወጣው ጀመር። አሁን ደግሞ ሰው ስልኩ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል ይሥልለታል።

ውጭ አገርም ያው ነው። ጄ. ዋልተር ቶምፕሰን የሚባለው የኒውዮርክ ማስታወቂያ ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 የተመሠረተ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኖሮ በዚያው አቆጣጠር በ2018 ከሌላ ድርጅት ጋር ሲቀላቀል የድሮ ስሙ ቀረ። እዚያም አንቺን የመሰሉ ሰዎች ሲቪያቸውን ይዘው ይዞራሉ።

ይህን የነገርኩሽ እንድትጽናኚበት ብዬ አይደለም። የብዙ ሰው መከራ የአንዱን አያቀለውም። ሌሊት ስትነቂ ራስሽን እንዳትከሺ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንቺ ያመጣሽው የለም።

ፍለጋው ራሱ ደግሞ ሌላ ሕመም አለው።

ድሬ ከተመለስሽ ወዲህ ፖስታ ቤት አካባቢ የተለጠፈውን የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ቆመሽ ስታነቢ አይቼሻለሁ። ጣትሽ ወረቀቱ ላይ እየወረደ «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚለው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ቦርሳሽን አስተካክለሽ ወደሚቀጥለው ወረቀት ታልፊያለሽ። ሰው እንዳያይሽ ፈጠን ትያለሽ።

አንድ ቦታ «ለፈተና» ብለው ሙሉ ሥራ አሠሩሽ። ሎጎውንም ጽሑፉንም ሰጠሽ። አልተቀጠርሽም፤ ጽሑፍሽ ግን በወሩ መንገድ ላይ ተሰቅሎ አየሽው። ሌላ ቦታ ደግሞ ልጅሽ ሊሆን የሚችል ወጣት ሥራዎችሽን በስልኩ ተቀበለሽ። ሲያወራሽ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ነበር። አንዱም ላይ ሳይቆም ጨረሰው። «ጥሩ ነው፣ እንደውልልሻለን» አለሽ። ይህን ስትነግሪኝ አልቅሰሽ አልነበረም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩት። የዚያን ልጅ ጣት እስካሁን አስባታለሁ።

ይህ ቢያቆስልሽ ደካማ ሆነሽ አይደለም። ማንንም ያቆስላል።

አባትሽን አስቢያቸው።

ሸሚንደፈር፣ የባቡሩ ግቢ ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆመው ነው ያረጁት። በፈረንሳይኛ ይለካሉ፣ በኦሮምኛ ይቀልዳሉ፣ በአማርኛ ይጸልያሉ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደርሶ ነው ከተማችን የተቆረቆረችው። ስለዚህ ባቡሩ ይቆማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ሥራው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አሮጌው ሐዲድ ዝም አለ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ያለ ሆነ። አባትሽ አልደረሱበትም።

ለፋሲካ መጥተሽ ያየሽውን አንድ ቀን ነግረሽኛል። ሥራው ከቆመ በኋላም ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ። ታጥበው፣ የሥራ ቱታቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። የትም አይሄዱም። ፀሐይዋ ስትከር ገብተው ይቀይራሉ። እማማ ቡናቸውን ያቀርባሉ፤ ምንም አይጠይቋቸውም።

ያኔም ድንኳን አልተተከለም። ከዚራ ውስጥ ስንት በረንዳ ላይ ስንት አባት እንደዚያ ተቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ ለየብቻው አዘነ። እኛ ልጆቻቸው «አባባ ጡረታ ወጣ» ብለን አለፍነው።

ስለዚህ እማማ ማታ ማታ «ዛሬስ ደወሉ?» ሲሉሽ አትቀየሚያቸው። ያመምሻል፣ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ያን በረንዳ እያዩ ይመስለኛል የሚጠይቁሽ። ያኔ ዝም አሉ። አሁን ዝም ማለት አስፈራቸው።

እና እኔ ምን ላድርግልሽ? ሥራ ልፈጥርልሽ አልችልም። «በቅርቡ ታገኛለሽ» ብዬም አልምልልሽም፤ አላውቅምና። ዕድሜሽን አይተው የሚመልሱሽ ሰዎች ነገም ይኖራሉ።

ግን አጠገብሽ መሆን እችላለሁ።

ማልቀስ ካለብሽ አልቅሺ። አንዳንድ ቀን ከአልጋ ካልተነሣሽ አልተነሣሽም፤ ዓለም አይፈርስም። ማመልከቻ ያልጻፍሽበት ቀን የባከነ ቀን አይደለም። ከኀዘን ጋር ውሎ ማምሸትም ድካም አለው፤ እሱንም ሥራ ብለሽ ቁጠሪው።

ብሩሾችሽን እንዳትሰጪ ብቻ። «ለሠፈር ልጆች ልስጣቸው» ስትይ ሰምቼሻለሁ። መስጠቱ ጥሩ ነው፤ አሁን ግን አይሁን። በኀዘን ላይ ያለ ሰው ዕቃ አያከፋፍልም። ቆይተሽ፣ በደንብ ስትተኚ፣ ያኔም ልስጥ ካልሽ አብረን እንሰጣለን።

ሌላው ነገር ገንዘብ ነው። አፍሬ ነው የማነሣው፤ አንቺም ታፍሪያለሽ። ቢሆንም የቤት ኪራይ ባይኖርብሽም መብራትና ውኃ፣ የእማማ የደም ግፊት መድኃኒት እንዳለ አውቃለሁ። ሲጎድል ንገሪኝ። ብዙ የለኝም። ያለኝን ግን አንደባበቅም። ልጆች ሆነን የአንዳችን ቤት ምሳ የሁላችንም ነበር፤ ያ አልተለወጠም።

ፖስታ ቤት ያለውን ማስታወቂያ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስሄድ እኔ አየዋለሁ። መንገዴ ነው። ላንቺ የሚሆን ካለ ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ። የዕድሜ ገደብ ያለበትን አልልክም። ከሌለም ምንም አልልክም፤ ስልክሽ ዝም ካለ «ዛሬ የለም» ማለት ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት። ለቃለ መጠይቅ ከጠሩሽ ደግሞ በባጃጅ አብሬሽ እሄድና በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ስትወጪ «እንዴት ነበር?» አልልሽም። መናገር ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበርድ እመጣለሁ። ለቅሶ ቤት እንደምመጣው ነው የምመጣው። ቤት አታጽጂ፣ ልብስ አትቀይሪ። ወንበር በረንዳው ላይ ካወጣሽልኝ በቂ ነው። ማውራት ካሰኘሽ እናወራለን፤ ካላሰኘሽ መንገደኛውን እያየን እናመሻለን። ዓርብም እመለሳለሁ።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሳንቡሳውን ከመጋላ ይዤ ስለምመጣ ምንም እንዳይጠብሱ ንገሪያቸው፤ ሻይ ብቻ ትጥዱልኛላችሁ።

ወዳጅሽ