የተሰወረው ሞጁል

በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ከጸሐፊው ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ሲሄድ ስንቁን ይዞ መሄድ አለበት። ስንቁም ሞጁል የሚባሉት ረዳት ጽሑፎች ናቸው። ፓይኢንስቶለር የሚባለው መሣሪያ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ ብቻውን የሚሠራ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ታዲያ አንዳንድ ጊዜ ከስንቁ አንዱ ይቀራል፤ የቀረውንም ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የክበባችን አባሎች ለቤተ መጻሕፍቱ የውሰት መዝገብ ፕሮግራም ሠራን። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ፓይተን የለውም፤ ኢንተርኔትም አይደርሰውም። ጠቅልለን በፍላሽ ወስደን ብንከፍተው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። አንዳንዶች ኮምፒዩተሩ አርጅቷል አሉ፤ አንዳንዶችም ቫይረስ ነው አሉ። ኃላፊዋም «ልጆቼ፣ እስከ ዓርብ እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ» አሉን። የአንድ መንፈቅ ድካማችን በዚህች ቀን ላይ ተንጠለጠለ።

እንደ እኔ አሳብ ኮምፒዩተሩን ከመክሰስ በፊት የሚደረግ ፈተና አለ፤ ይኸውም ያንኑ የተጠቀለለውን ፋይል በተሠራበት ኮምፒዩተር ላይ መክፈት ነው። እዚያም ወደቀ፤ ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ከክሱ ነጻ ወጣ። ቀጥለን በማውስ ከመክፈት ይልቅ በትእዛዝ መስኮት ውስጥ ስሙን ጽፈን አስነሣነው። ያ መስኮት ስለማይዘጋ የስሕተቱ ቃል ቆሞ ተነበበልን፤ «ባቤል.ነምበርስ» የሚባል ሞጁል አልተገኘም ይላል። ባቤል ቀንንና ቁጥርን በየአገሩ ልማድ የሚጽፍ ነው። (ስሙን ያወጡለት ሰዎች የባቢሎንን ግንብ አስበው ይሆን?)

እኛ ግን ባቤልን በጽሑፋችን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራነውም! የሚጠራው የመመለሻውን ቀን የምናስመርጥበት ቲኬ-ካሌንደር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፓይኢንስቶለር ፕሮግራሙን እያሠራ አይመረምርም፤ ጽሑፉን እያነበበ «ኢምፖርት» የሚል ባገኘ ቁጥር የተጠራውን ሞጁል ይከተላል፤ የዚያንም ሞጁል ጥሪዎች እንዲሁ። በጽሑፍ ሳይጠራ፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ብቻ በስሙ የሚፈለግ ሞጁል ግን ከዓይኑ ይሰወራል። የባቤል የየአገሩ ልማድ የተቀመጠው በዳታ ፋይሎች ውስጥ ነውና ነምበርስ የሚፈለገው እነርሱ ሲከፈቱ ነው።

መሣሪያው «ቢልድ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ይተዋል። ጓደኞቼ እርሱን አይተው ደነገጡ፤ ፒደብሊውዲ፣ ጂአርፒ እየተባለ ብዙ ስም ተደርድሮበታልና። እነዚህ የዩኒክስ ሞጁሎች ስለሆኑ በዊንዶውስ ላይ ቢጎድሉ ጉዳት የለውም። የሚያስቀው፣ ነምበርስ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ስሙን ያላየ መሣሪያ እንዴት ጎደለ ይበል?

ሞጁሉን እንደገና መጫን ይሻላል ያሉም ነበሩ፤ ነገር ግን ከኮምፒዩተራችን አልጠፋም፤ የጠፋው ከጥቅሉ ነው። በመጠቅለያው ትእዛዝ ላይ «ሂድን-ኢምፖርት» ብለን ሙሉ ስሙን ጨመርንና እንደገና ጠቀለልነው። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ተከፈተ፤ ኃላፊዋም ለማንኛውም ብለው ደብተራቸውን በመሳቢያ ውስጥ አኖሩት።

ትእዛዙ ቢረሳ የሚተካው እንዳይጠፋ ስሙን «ስፔክ» በተባለው ፋይል ውስጥም ጽፈነዋል። ክበቡን የምትረከቡ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ፎልደር ታገኙታላችሁ።