ጣሳው የሚይዘው

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ያፈሳል። ወደ ውጭ አይደለም፣ ወደ ውስጥ ነው። ቤንዚኑ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መሀል፣ በፋሻዎቹ ዳር ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ሞተሩ አዲስም ቢሆን፣ ውድም ቢሆን ያው ነው። ጋዙ መውጫ ካጣ ግፊቱ እየበረታ ሄዶ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙትን ጎማዎች ይገፋቸዋል። ስለዚህ ሞተር መተንፈስ አለበት።

ድሮ ትንፋሹ በአንድ ቱቦ ቀጥታ ወደ አስፋልቱ ይለቀቅ ነበር። በጭስ ታፍና የነበረችው ካሊፎርኒያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ይህን አስቆመች። ጋዙ ተመልሶ ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ይሳብና ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠል ተባለ። ዘዴው ፒሲቪ ይባላል። ጎበዝ ሐሳብ ነው። ችግሩ ጋዙ ብቻውን አይሄድም፤ የዘይት ጉም፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውሃ እንፋሎት ይዞ ነው የሚሄደው።

ለብዙ ዓመታት ይሄ ማንንም አላስጨነቀም። ቤንዚኑ ከቫልቩ በስተጀርባ ስለሚረጭ፣ ሲያልፍ ቫልቩን እያጠበ ነው የሚያልፈው። በዳይሬክት ኢንጀክሽን ግን ቤንዚኑ በከፍተኛ ግፊት ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል። ሲሊንደሩን ስለሚያቀዘቅዝ ሞተሩ አየሩን ይበልጥ እንዲያምቅ ያስችለዋል፤ ጉልበቱም ቁጠባውም ከዚያ ይመጣል። የማስገቢያ ቫልቩ ጀርባ ግን ከዚያ በኋላ ቤንዚን የሚባል አይነካውም። ጉሙ እየመጣ ትኩስ ብረት ላይ ያርፋል፣ ይጋገራል፣ ይጠቁራል። ምጣድን ሳታሰሺ ዓመት ሙሉ ብትጋግሪበት የሚሆነውን አስቢው። «ጥሩ ቤንዚን ቅዳ፣ ማጽጃ አለው» የሚሉም አሉ። ማጽጃው ቫልቩ ጋ ካልደረሰ ምን ይጠቅማል?

የእኔ መኪና የ2017 ሼቭሮሌ ካማሮ ኤስኤስ ነው። ሞተሩ ኤልቲ1 ይባላል፦ ስምንት ሲሊንደር፣ 6.2 ሊትር፣ 455 የፈረስ ጉልበት፣ ዳይሬክት ኢንጀክሽን ብቻ። ፎርድ የ2018ቱን ሙስታንግ ጂቲ ሲያወጣ ሁለቱንም ዓይነት መርጫ አደረገለት፤ ቶዮታማ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ እንደዚያ አድርጓል። ካማሮው እስከ መጨረሻው፣ እስከ 2024፣ በአንዱ ብቻ ቀጠለ። ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ዋስትናው አልቋል፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልናገር። እህቴ አዲስ አበባ ናት። መኪናውን ስገዛ ዋጋውን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ በብር ስታባዛው በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ምንም አላለችም። ዝም ስትል ነው የከበደኝ። ያኔ ሳልጠየቅ «ይሄ ቢያንስ አሥር ዓመት ይሄዳል፣ ሌላ አልገዛም» አልኳት። በየወሩ የምልከው ሳይቀንስ መኪናውን ማቆየት ከቻልኩ ቃሌን ጠበቅኩ ማለት ነው። ሞተሩ ቀድሞ ከተበላሸ ግን ያ ገንዘብ የእሷ ነበር።

60,000 ማይል ላይ ጠዋት ሲነሳ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማኒፎልዱን ፈትቼ አየሁት፤ ቫልቮቹ ላይ ያለው ነገር የተቃጠለ ድስት ይመስል ነበር። በተፈጨ የዎልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየመቱ የሚያጸዱ አሉ፤ ቅርፊቱ ካርቦኑን ያነሳል፣ ብረቱን አይጭርም። ከፈልኩ፣ ጸዳ። ንጹሑን ቫልቭ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ካች ካን አዘዝኩ።

ካች ካን በሞተሩ መተንፈሻና በማኒፎልዱ መሀል የሚገባ የአሉሚኒየም ጣሳ ነው። ጋዙ በአንድ በኩል ይገባል፣ ውስጡ ባለው መጋረጃና የብረት መረብ ሲጋጭ ጉሙ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፣ የቀረው በሌላው በኩል ወደ ሞተሩ ይሳባል። ያ ብቻ ነው። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። ቀኑን ሙሉ ኮድ ስጽፍ ለምውል ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ዕረፍት ነው።

ስገጥም ጎረቤቴ አብረውኝ ነበሩ። ስማቸው እንዳይነሳ ስለፈለጉ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ወጣት ሳሉ ሶማሌ ተራ ጋራዥ ይሠሩ ነበር፤ እዚህ መጥተው ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዱ። ወንበር አውጥተው ተቀመጡ።

«ሞተሩ ታሟል እንዴ?»

«ደኅና ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ጣሳ ምን ያደርግለታል?»

ሳስረዳቸው ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የእሳቸውን ዘመን ምርመራ ነገሩኝ፦ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፣ መዳፍህን ጣልበት፤ ትንፋሹ እጅህን ከገፋው ፋሻው አልቋል። «እሱን ለማወቅ መዳፍ ይበቃ ነበር» አሉ። አደረግንበት። አልገፋም። ደስ አላቸው፤ እኔም ከማንኛውም የኮምፒውተር ንባብ በላይ አመንኩት።

ሥራው ራሱ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ከባዱ ቦታ መምረጥ ነው። ጣሳው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሲሆን ነው ጉሙ የሚጠጥረው፤ ከጭስ ማውጫው መራቅ አለበት፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ለማጉደልም እጅ ሊደርስበት ይገባል። ቱቦውም ዘይት የማያሟሟው፣ ሲሳብ የማይጨፈለቅ መሆን አለበት። ቱቦውን ከመቁረጤ በፊት ጋሼ ተነስተው መንገዱን በጣታቸው አሳዩኝ። «መሀል ላይ ሆድ እንዳታወጣለት። እዚያ ይተኛል።» ዘይትና ውሃ የሚተኛበት ጉብጓብ እንዳይኖር ማለታቸው ነው። እኔ ያየሁት ማብራሪያ ወረቀት ላይ ይሄ አልነበረም።

አንዳንዱ ጣሳውን በትንሽ ማጣሪያ ወደ አየር ክፍት አድርጎ ይተወዋል። ርካሽ ነው፣ ይሸታል፣ ፒሲቪ የተፈጠረበትን ምክንያት ያፈርሳል፣ ከፌደራሉ የአየር ሕግም ጋር ያጣላል። የኔ ዝግ ነው። ሲያልቅ አስነስቼ እያንዳንዱን ማሰሪያ ፈተሽኩ፤ ትንሽ አየር እንኳ ከገባ ሞተሩ ቤንዚን አነሰኝ ብሎ ፒ0171 የሚለውን ኮድ ያወጣል። አልወጣም።

ከ3,000 ማይል በኋላ አጎደልኩት። በበጋ ግማሽ ሲኒ ጥቁር ዘይት፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት። በክረምት አንድ ሲኒ ተኩል፣ ቀለሙ ወተት የገባበት ቡና። ብዙ ሰው ያንን ወተት ሲያይ ራዲያተሩ ውሃ ወደ ዘይቱ ያፈሰሰ እየመሰለው ይደነግጣል። አይደለም፤ የእንፋሎቱ ውሃ ነው። ችግሩ ይሄ ውሃ በረዶ ሲሆን መተንፈሻውን ሊዘጋው ይችላል፤ ስለዚህ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰነፍ የሆነ ሰው ካች ካን ባይገጥም ይሻለዋል።

ጣሳው የያዘውን ማየት ያረካል፤ የምጠራጠረውም እሱን እርካታ ነው። ጣሳ ውስጥ ዘይት መኖሩ ቫልቩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ያመለጠውን ጣሳው አያሳይም። ስለዚህ ከጽዳቱ 15,000 ማይል በኋላ ማኒፎልዱን እንደገና ፈታሁ። ቫልቮቹ ንጹሕ አልነበሩም። ስስ ጥቁር ሽፋን አለ፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ላይ ደግሞ ወፈር ይላል። ከመጀመሪያው ቁልል ጋር ግን አይወዳደርም። ታዲያ ያኛው የ60,000 ማይል ቁልል ነው። ያለ ጣሳ 15,000 ማይል የሄደ ሌላ ካማሮ የለኝም። ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ መረጃ ይዤ «ማሻሻያው ሠርቷል» ብል ከስብሰባው ያስወጡኛል።

ለእህቴ ሁለቱን ፎቶዎች ላክሁላት። «የትኛው ነው ጥሩው?» ብላ ጻፈች። ሁለተኛው እንደሚሻል፣ ለምን እንደሚሻል ግን እርግጠኛ እንዳልሆንኩ ነገርኳት። «እና ይሄዳል አይደል?» አለች። ጠዋት ሲነሳ አይንቀጠቀጥም፣ ይሄዳል አልኳት።

ቀጣዩን ፎቶ የማነሳው ከጽዳቱ 30,000 ማይል ሲሞላ ነው። ጋሼ ያን ቀን ቀድሜ እንድነግራቸው አዘውኛል፤ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ።