ጌዲ፦ ጫካ የዋጣት ከተማ

የጃቫው ቦሮቡዱር፣ ያ ታላቅ የቡድሃ እምነት ቤተ መቅደስ፣ ለዘመናት በደን ተሸፍኖ እንደቆየው ሁሉ ኬንያም ዛፍ የዋጣት ጥንታዊ ከተማ አላት። ከናይሮቢ የሚነሳ ተጓዥ በባቡር ሞምባሳ ደርሶ በማሊንዲ መንገድ ሲቀጥል፣ ዋታሙ አጠገብ ጌዲን ያገኛል። ከተማዋ የስዋሂሊዎች፣ ማለትም በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ኖረው በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የበለጸጉ ሙስሊም ከተሜዎች ሥራ ናት፤ ግንቦቿ፣ መስጊዶቿና ቤተ መንግሥቷ የታነጹት ከኮራል፣ ይኸውም ከባሕር እንስሳት ቅሪት ከተፈጠረ ድንጋይ ነው። ጄምስ ከርክማን የተባለው አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ባካሄደው ቁፋሮ የቻይና ፖርሴሊን፣ ማለትም ስስና አንጸባራቂ ሸክላ፣ ስለተገኘ፣ ጫካ ውስጥ የተደበቀችው ከተማ ከሩቅ ዓለም ጋር ትገበያይ እንደነበር ታውቋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ፖርቱጋሎች ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ በምትርቀው ማሊንዲ እየኖሩ ስለ ጌዲ አንዳች አለመጻፋቸው ነው። ስሟ ከኦሮምኛ እንደመጣና ትርጉሙም «ውድ» እንደሆነ ይነገራል፤ እንዲህ ከሆነ፣ ዛሬ የምትታወቅበትን ስም ያገኘችው ነዋሪዎቿ ከለቀቋት በኋላ ከሰሜን ከመጡ ሕዝቦች ነው ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባዶ ለመቅረቷ ወረራ፣ የንግድ መዳከምና የውኃ እጥረት በምክንያትነት ይጠቀሳሉ፤ በታላቁ መስጊድ አጠገብ ያለው የጉድጓድ ውኃ እየራቀ በመሄዱ ይበልጥ እንዲጠልቅ መቆፈሩ የመጨረሻውን ግምት የሚያጠናክር ይመስላል። ዩኔስኮ ጌዲን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ዘግይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።